የአፍሪካ ግራንድ ፕሪ ለምን ቀረ? የደቡብ አፍሪካ የሞተርሳይክል ውድድር ታሪክና የመመለስ ዕድሉ

በዲሴምበር 2024 የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ አገራቸው የፎርሙላ ዋን ውድድር ማስተናገድ እንደምትፈልግ በይፋ ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ የደቡብ አፍሪካው የስፖርት ሚኒስትር ጌይተን ማኬንዚ «ውድድሩ የእኛ ነው» ብለው ተነሡ። በ2025 ደግሞ የፎርሙላ ዋን ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ሊበርቲ ሚዲያ የሞተርሳይክሉን የዓለም ሻምፒዮና፣ የሞቶ ጂፒን፣ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሦስት ዜናዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተደባልቀው አንድ ወሬ ሆነዋል። «መኪናውም ሞተሩም ወደ አፍሪካ ሊመጣ ነው» ይባላል። አንዳንዱ «አፍሪካ እንዲህ ያለ ውድድር አይታ አታውቅም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ኬንያ ሳፋሪ ራሊ የተባለውን የመኪና ውድድር ከ2021 ጀምሮ እንደገና በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ እያስተናገደች ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሞተርሳይክል ግራንድ ፕሪን 10 ጊዜ አስተናግዳለች። የመጨረሻው የተካሄደው በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞቶ ጂፒ አፍሪካን ረግጦ አያውቅም።

ያ ውድድር እንዴት እንደመጣና ለምን እንደቀረ ሳይታወቅ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብሎ መከራከር ብዙም አይረዳም።

## ግራንድ ፕሪ የሚባለው ምንድን ነው?

የሞተርሳይክል የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1949 ነው። በየአገሩ የሚካሄደው እያንዳንዱ ውድድር ግራንድ ፕሪ ይባላል። ተወዳዳሪዎች በየውድድሩ ነጥብ ይሰበስባሉ። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነጥብ ያለው ሻምፒዮን ይሆናል።

ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የሞተርሳይክል ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኤፍአይኤም፣ ነው። የመኪናው ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ ይባላል። ስማቸው ቢቀራረብም የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። የሞተርሳይክሉን የንግድ መብት ከ1992 ጀምሮ የያዘው ዶርና የተባለ የስፔን ኩባንያ ነው። የቴሌቪዥን ስርጭቱን የሚሸጠውና ከአስተናጋጅ አገሮች ጋር የሚፈራረመው እሱ ነው። ሊበርቲ የገዛው ይህንኑ ኩባንያ ነው።

ስለዚህ አንድ አገር ውድድሩን ለማግኘት ሦስት ነገር ያስፈልጋታል። አንደኛ፣ ኤፍአይኤም መርምሮ የፈቀደው ሰርኪት፣ ማለትም የውድድር ትራክ። ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ የአገር ውስጥ አዘጋጅ፣ በተለምዶ ፕሮሞተር የሚባለው። ሦስተኛና ከባዱ፣ የአስተናጋጅነት ክፍያ። አዘጋጁ ለዶርና በየዓመቱ ገንዘብ ይከፍላል። መጠኑ በይፋ አይገለጽም። የቴሌቪዥኑ ገቢ ለዶርና ነው። ለአዘጋጁ የሚተርፈው በዋናነት የትኬት ገቢ ነው። የትኬቱ ገቢ ክፍያውን ሳይሸፍን ሲቀር ጉድለቱን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው። የደቡብ አፍሪካ ታሪክ የሚያጠነጥነው በዚህች ጉድለት ዙሪያ ነው።

## ኪያላሚ፦ በማዕቀብ ዘመን የተጀመረ ውድድር

የደቡባዊ አፍሪካ ተወዳዳሪዎች ስም ያገኙት ውድድሩ ወደ አገራቸው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከሮዴዥያ፣ ከዛሬዋ ዚምባብዌ፣ የመጣው ጂም ሬድማን በ1960ዎቹ ስድስት የዓለም ሻምፒዮናዎችን ወስዷል። እዚያው ያደገው ጋሪ ሆኪንግ በ1961 በ350 እና በ500 ሲሲ (በኤንጂን መጠን በተከፈሉ ምድቦች) ሁለት ዋንጫ በአንድ ዓመት አነሣ። ደቡብ አፍሪካዊው ኮርክ ባሊንግተን በ1978 እና በ1979 በካዋሳኪ አራት ዋንጫ ሰበሰበ። ጆን ኤከሮልድ ደግሞ በ1980 የፋብሪካ ቡድን ሳይኖረው በራሱ ጥረት የ350 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም አውሮፓ ሄደው ነው የተወዳደሩት።

የመጀመሪያው የደቡብ አፍሪካ ግራንድ ፕሪ የተካሄደው በማርች 1983፣ ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ባለው የኪያላሚ ሰርኪት ነው። በዋናው ምድብ፣ በ500 ሲሲ፣ ፍሬዲ ስፔንሰር አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻም ኬኒ ሮበርትስን በሁለት ነጥብ ብቻ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። በ1984 እና በ1985 ድሉ የኤዲ ላውሰን ነበር።

ዓመተ ምሕረቶቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አገሪቱ በአፓርታይድ ሥርዓት ሥር ናት። ከኦሎምፒክ ከ1964 ጀምሮ ታግዳለች። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኗን ፊፋ ገና በ1961 ነው ያገደው። በ1977 የኮመንዌልዝ አገሮች ከእሷ ጋር ያለውን የስፖርት ግንኙነት ለማቋረጥ ተስማምተዋል። በሩ ተዘግቶባት ሳለ የዓለም ሞተርሳይክል ሻምፒዮና አዲስ ውድድር ይዞ ገባ። በዚያ ወቅት ደቡብ አፍሪካ ዓለም አቀፍ ስፖርተኞችን በገንዘብ ማባበል ልማዷ ነበር። ውድድሩ ለመንግሥቱ «ዓለም አልጠላንም» የሚል ማሳያ ሆኖ አገልግሏል።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። የሞተርስፖርት ሰዎች «እኛ ስፖርተኞች ነን፣ ፖለቲካው አያገባንም» ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ጥቁሩ ሕዝብ የመምረጥ መብት በሌለበት አገር መወዳደር በራሱ ፖለቲካ ነው አሉ። እኔ ሁለተኛው ወገን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። በጁላይ 1985 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት መገባደጃ በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ውድድር ሁለት የፈረንሳይ ቡድኖች አንሳተፍም አሉ። ከ1986 ጀምሮ ሞተርሳይክሉም መኪናውም ከመርሐ ግብሩ ወጡ።

## አንዴ በ1992፣ ከዚያ ወደ ቬልኮም

ኔልሰን ማንዴላ በ1990 ከእስር ተፈቱ። ድርድሩ ተጀመረ። በ1992 ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሎምፒክ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የሞተርሳይክል ግራንድ ፕሪው እንደ አዲስ በተሠራው ኪያላሚ ተካሄደ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር። ጆን ኮሲንስኪ አሸነፈ። ሦስተኛ የወጣው ዌይን ሬይኒ ሚክ ዱሃንን በአራት ነጥብ በልጦ ለያማሃ የዓለም ዋንጫውን አነሣ። ይህን ዋንጫ እናስታውሰው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ውድድሩ ግን በዓመቱ አልተደገመም። እስከ 1999 ድረስ ሰባት ዓመት ጠፋ። ሲመለስ ወደ ኪያላሚ አልሄደም። ፍሪ ስቴት በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ቬልኮም ከተማ አጠገብ፣ ፋኪሳ በሚባል አዲስ ሰርኪት ላይ ሆነ።

ለምን ቬልኮም? ከተማዋ የወርቅ ማዕድን ከተማ ናት። በ1990ዎቹ የወርቅ ማዕድን ሥራው ተዳከመ። ብዙ ሺህ ሠራተኛ ከሥራ ወጣ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከተማዋን የሚያነቃ ሌላ ነገር ፈለገ። በሕዝብ ገንዘብ 4.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ትራክ ተሠራ። ከጎኑም በአሜሪካ ስልት የተሠራ ሞላላ መንገድ ተጨመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዓለም ይመጣል፣ ሆቴል ይሠራል፣ ገንዘብ ይገባል።

ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም። ችግሩ ቦታው ነው። ቬልኮም ከጆሃንስበርግ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የለውም። በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንግዳ የሚያሳድር ሆቴልም አልነበረውም። ተመልካቹ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቀሪውን ዓመት ትራኩ ባዶ ነው።

ለቡድኖቹም ቦታው ቀላል አልነበረም። ቬልኮም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ይሆናል። የአየሩ ሥስነት ኤንጂኑን ያደክመዋል። የሞቶ ጂፒ ኤንጂን አየሩን በግድ የሚገፋለት ቱርቦ የለውም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። በሻካራ ግምት በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛው ገደማ ይሄዳል። ባለ ሁለት ምት ኤንጂኖች በነበሩበት ዘመን መካኒኮቹ ካርቡሬተሩን ለዚያ ከፍታ እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው። ትራኩም ሥራ ፈቶ ስለሚከርም በአሸዋና በአቧራ ይሸፈናል። ከመሥመሩ ትንሽ የወጣ ሰው ጎማው አይይዝለትም። በ2000 በዚህ ትራክ ያሸነፈው ጋሪ ማኮይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ በመንዳት የሚታወቅ ሰው መሆኑ የሚገርም አይደለም።

## ኤፕሪል 18፣ 2004

ቬልኮም ላይ ስድስት ውድድር ተካሂዷል። ከሁሉም የሚነሡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

በ2003 ጃፓናዊው ተወዳዳሪ ዳይጂሮ ካቶ በአገሩ በሱዙካ ሰርኪት በደረሰበት አደጋ ኤፕሪል 20 ሕይወቱ አለፈ። በሳምንቱ ውድድሩ ቬልኮም ላይ ነበር። የቡድን ጓደኛው ሴቴ ጊበርናው የወቅቱን ሻምፒዮን፣ ጣሊያናዊውን ቫለንቲኖ ሮሲን፣ ቀድሞ ገባ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ድሉን ለካቶ ሰጠ።

በ2004 ደግሞ ዓለም ሁሉ ዓይኑን ሮሲ ላይ ጥሏል። ሮሲ ሁሉንም የሚያሸንፈውን ሆንዳ ትቶ ወደ ያማሃ ሄዷል። ያማሃ በ2003 አንድም ውድድር አላሸነፈም። በዋናው ምድብ የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሣው በ1992፣ በኪያላሚው በሬይኒ ነው። ብዙ ሰው «ሮሲ ተሳሳተ» አለ። «የሚያሸንፈው ሰውዬው ነው ወይስ ሞተሩ?» የሚለው ክርክር ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ የሁሉ ወሬ ነበር።

ውድድሩ 28 ዙር ነው። ሮሲ ከማክስ ቢያጂ ጋር ተናነቀ። ቢያጂ በሆንዳ ነበር። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ዙር እየተቀዳደሙ ሄዱ። ሮሲ በ0.210 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። መስመሩን ካለፈ በኋላ ሞተሩን ከትራኩ ዳር አቆመ። ከጎማ ክምሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ያማሃውን ሳመው። በሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሞተር ሁለት ተከታታይ ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የዚያን ዓመት ዋንጫም ወሰደ።

በስፖርቱ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ቀኖች አንዱ ነው። የሆነውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ይህ መረሳቱ ያሳዝናል።

## ታዲያ ለምን ቀረ?

እንዲህ ያለ ቀን ያየ ውድድር በዓመቱ ይሰረዛል ብሎ የሚያስብ የለም። ግን በ2005 መርሐ ግብር ውስጥ ደቡብ አፍሪካ የለችም። የብራዚሉ የሪዮ ውድድርም አብሮ ወጣ። በነሱ ፋንታ ቻይና፣ ቱርክና አሜሪካ ገቡ።

ይህ የስም ለውጥ ብዙ ይናገራል። ሻንጋይና ኢስታንቡል ውስጥ በብዙ ገንዘብ የተሠሩ አዳዲስ ሰርኪቶች ነበሩ። ከጀርባቸው ለመክፈል ዝግጁ የሆኑ አካላት ቆመዋል። አሜሪካ ደግሞ ትልቅ ገበያ ናት። ቬልኮም ከእነዚህ ጋር መፎካከር አልቻለም።

ምንዛሪውም አለ። የደቡብ አፍሪካ ራንድ በ2001 መጨረሻ ክፉኛ ወድቆ ነበር። ለአውሮፓ ኩባንያ የሚከፈለው የሚሰላው በጠንካራ ገንዘብ ነው፤ ትኬት የሚሸጠው በራንድ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኢትዮጵያ አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የገበያው ነገር ይመስለኛል። ሆንዳና ያማሃ ይህን ስፖርት የሚደግፉት ሞተርሳይክል ለመሸጥ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሞተርሳይክል ይሸጣል። ታይላንድ በ2018፣ ኢንዶኔዥያ በ2022 ውድድሩን ያገኙት በአጋጣሚ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ሞተርሳይክል ለብዙው ሰው የመዝናኛ ዕቃ ነው። ተራው ሠራተኛ የሚሄደው በሚኒባስ ታክሲ ነው። ሞተርሳይክል መንዳትም መወዳደርም በአብዛኛው የነጮቹ ሆኖ ቆይቷል። ውድድሩ በይፋ «የአፍሪካ ግራንድ ፕሪ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ትኬት ገዝቶ የሚገባው ግን አፍሪካን የሚያክል ሕዝብ አልነበረም።

አንዳንድ ተንታኞች ጥፋቱን በዶርና ስግብግብነት ላይ ይጥላሉ። ሌሎች የክፍለ ሀገሩን መንግሥት ያማርራሉ። ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እንይ። ኢስታንቡል ከ2007 በኋላ ተሰረዘ። ሻንጋይም ከ2008 በኋላ ቀረ። ፊንላንድ ለዚሁ ብላ ኪሚሪንግ የተባለ ሰርኪት ሠርታ አንድም ግራንድ ፕሪ ሳታስተናግድ ቀረች። ሕንድ በ2023 አንዴ አስተናግዳ በዓመቱ አጣችው። ከካዛኪስታን ጋር ውል ተፈርሞ ውድድሩ አልተካሄደም። ይህ የደቡብ አፍሪካ ብቻ በሽታ አይደለም ማለት ነው። በአንድ መንግሥት ፍላጎት ብቻ የመጣ ውድድር፣ መንግሥቱ ሲቀየር ወይም ካዝናው ሲጎድል አብሮ ይሄዳል።

## «ፎርሙላ ዋን ከመጣ ሞተሩም ይመጣል» እውነት ነው?

በ2014 ኪያላሚ ለጨረታ ቀረበ። የፖርሽ መኪኖች አስመጪ የሆነው የቶቢ ቬንተር ድርጅት በ205 ሚሊዮን ራንድ ገዛው። ትራኩ ታድሶ 4.522 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ2025 ደግሞ ኤፍአይኤ ሰርኪቱን ወደ አንደኛ ደረጃ ለማሳደግ የቀረበውን ንድፍ ተቀበለ። ፎርሙላ ዋን የሚካሄደው በአንደኛ ደረጃ ትራክ ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ይህ ደረጃ የመኪና ደረጃ ነው። ለሞተርሳይክል ኤፍአይኤም የራሱን ምርመራ ያደርጋል። ፍላጎታቸውም ይለያያል። መኪና ከመሥመር ሲወጣ ሾፌሩ በቅርፊቱ ውስጥ ነው፤ አጥር ሲመታ ቅርፊቱ ያድነዋል። ሞተረኛ ሲወድቅ ግን ከሞተሩ ተነጥሎ በገዛ ገላው ነው የሚንሸራተተው። ስለዚህ ሰፊ ባዶ ሜዳና የጠጠር አልጋ ያስፈልገዋል። ግድግዳው ሩቅ መሆን አለበት። ለመኪና የሚመቸው ከፍ ያለ የመንገድ ጠርዝ ሞተሩን ሊጥለው ይችላል።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን። ኬፕታውን በ2023 የኤሌክትሪክ መኪኖችን ውድድር፣ ፎርሙላ ኢን፣ በከተማ ጎዳና ላይ አስተናግዳለች። ከተማዋ ፎርሙላ ዋንንም ትፈልጋለች። በኮንክሪት ግድግዳ መሐል የሚካሄድ እንዲህ ያለ ውድድር ለሞቶ ጂፒ በር አይከፍትም። ኪያላሚ ግን የተለየ ነው። ቋሚ ሰርኪት ነው፤ እስከ 2010 የዓለም ሱፐርባይክ የተባለው ሌላ የሞተርሳይክል ሻምፒዮና ውድድር ተካሂዶበታል። ማስተካከያ ያስፈልገዋል እንጂ ከባዶ አይጀምርም። ከጆሃንስበርግም ቅርብ ነው። የቬልኮም ትልቁ ድክመት እዚህ የለም።

የባለቤቱ አንድነትስ? ሊበርቲ ሁለቱንም ስለያዘ ለደቡብ አፍሪካ አብሮ ሊሸጥላት ይችላል የሚሉ አሉ። ይቻላል። ነገር ግን ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። አንድ መንግሥት ለሁለት ውድድር የሚከፍል ኪስ ላይኖረው ይችላል። ያለውን ሁሉ ለፎርሙላ ዋን ካዋለ ለሞተሩ ምን ይተርፋል? የሞቶ ጂፒ መርሐ ግብርም በ2025 እና በ2026 በ22 ውድድሮች ሞልቷል። አዲስ የሚገባ ካለ የሚወጣ አለ።

## ለመመለስ የሚረዳውና የሚያግደው

የሚረዳ ነገር አለ፤ በ2004 ያልነበረ። ብራድ ቢንደር ይባላል። በ1995 ፖቸፍስትሩም የተወለደ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ2016 በትንሹ ምድብ፣ ሞቶ 3፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኦገስት 2020 በቼክ ብርኖ ላይ በዋናው ምድብ ገና በሦስተኛ ውድድሩ አሸነፈ። ከአገሩ በዋናው ምድብ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ለኬቲኤም ፋብሪካም የመጀመሪያው ድል ነበር። የቬልኮም ውድድር ሲቀር ገና የ8 ዓመት ልጅ ስለነበር በአገሩ መሬት በግራንድ ፕሪ ተወዳድሮ አያውቅም።

የኬቲኤም ነገር እኛንም የሚነካ ጫፍ አለው። የኦስትሪያው ኩባንያ በ2024 መጨረሻ ከኪሳራ አፋፍ ደረሰ። ገንዘብ አፍስሶ ያዳነው ከ2007 ጀምሮ ባለድርሻ የነበረው የሕንዱ ባጃጅ ነው፤ አሁን ቁጥጥሩን ይዟል። ባጃጅ በአዲስ አበባም በሐዋሳም በየመንገዱ የምናየው ባለ ሦስት እግር አምራች ነው። በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ ተሳፋሪ የሚያመላልሱ ሞተርሳይክሎችን በብዛት ይሸጣል። እንግዲህ በሞቶ ጂፒ ውስጥ ካሉት ፋብሪካዎች የአንዱ ባለቤት ከትልልቅ ገበያዎቹ አንዱ አፍሪካ የሆነ ኩባንያ ነው ማለት ነው። ይህ በ2004 አልነበረም። ባጃጅ በውድድሩ ላይ ገንዘብ ማፍሰሱን ይቀጥላል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ያዳነውን ኩባንያ ወጪ መቀነስ አለበት።

የሚያግደው የታወቀ ነው። ደቡብ አፍሪካ በከፍተኛ ሥራ አጥነትና በመንግሥት ዕዳ የተያዘች አገር ናት። «ለሀብታም መዝናኛ የሕዝብ ገንዘብ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ደጋፊዎቹ የ2010ሩን የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ ጠቅሰው ቱሪስት ያመጣል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹም ያንኑ ዋንጫ ይጠቅሳሉ፤ ከውድድሩ በኋላ ባዶ የቀሩትን ስታዲየሞች እያሳዩ። በግሌ የማየው ልዩነት አንድ ነው። ኪያላሚ የግል ንብረት ነው። ያለ ግራንድ ፕሪም በስልጠና፣ በመኪና ሙከራና በአገር ውስጥ ውድድር ራሱን ያስተዳድራል። ለትራኩ ግንባታ የክፍለ ሀገር በጀት አይጠየቅም። የሚጠየቀው የአስተናጋጅነት ክፍያው ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ጋር በአንድ ጊዜ የተሰረዘችው ብራዚል ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። በ2026 መርሐ ግብር ከ22 ዓመት በኋላ ተመልሳለች። ወደ ሪዮ አልሄደችም። የተመረጠው ከ1987 እስከ 1989 ውድድሩን ያስተናገደው የጎያኒያ ሰርኪት ነው። የጎያስ ክልል መንግሥት ትራኩን አሳደሰ። ብራዚል ሞተርሳይክል በብዛት የሚመረትባትና የሚሸጥባት አገር ናት፤ ሆንዳም ያማሃም ማናውስ ላይ ፋብሪካ አላቸው። ገበያ ነበራት፣ ሰርኪት ነበራት፣ ከፋይ አገኘች።

ደቡብ አፍሪካ ከሦስቱ ሰርኪቱን ይዛለች። ተወዳዳሪም አላት። ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት ስለ ኪያላሚ ዜና ሲሰማ መታየት ያለበት የሚኒስትሩ ንግግር አይደለም። የኤፍአይኤም መርማሪዎች ትራኩን ጎብኝተዋል ወይ? አዘጋጁ ማን ነው? የአስተናጋጅነት ክፍያውን የሚፈርመው የግል ድርጅት ነው፣ ኪያላሚ ያለበት የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ነው ወይስ ማዕከላዊው መንግሥት? ውሉስ ለስንት ዓመት ነው?